የቀሚሱ ጥለት

ልጆቹ «የድሮውን አጫውችን» ስላሉኝ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ከአዘዞ ወደ ጎንደር በምትወጣ የጭነት ማኪና ላይ፣ ፊት ለፊቴ አንዲት ወጣት ያረጀ የሰርግ ቀሚሷን አቅፋ አጠገቧ ለተቀመጡ ባልቴት ታዋያለች።

«ለዋርሳዬ ሰርግ ይህንኑ ልለብስ ነው፣ እሜቴ። አማቶቼ ያውቁታል።»

«በእንዶድ እጠቢዋ።»

«ቢነጣስ? ዘንድሮም ያንኑ ብለው ይስቁብኛል።»

«ሰው የሚያውቀው ጥለቱን ነው፤ ነጩንማ ከነጭ ማን ይለየዋል?» ከቦርሳቸው ከቀሚስ የተፈታ ቀይ ጥለት አወጡ። «እንኪ፣ የፊቱን ፍቺና ይህን ስፊበት።»

«ወይኔ፣ እንዴት ሸጋ ነው! የማን ነው?»

«የልጄ። ከተሜ ሆነችና አልፈልግም አለች።»

«ምን ሞኝ ናት!»

«ሞኝስ ናት» ብለው ሳቁ።

ወጣቷ ጥለቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስከ ጎንደር ስትዳብሰው፣ ሰርጉ ለእኔም ታየኝ።

ባልቴቷ ልጅ ወልደው እንደማያውቁ ጎረቤታቸው የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።