ጠረኑ የጠፋ መድኃኒት

ሰቢሪና ከሮቤ የተሳፈረችበትን ሚኒባስ ጎባ መግቢያ ላይ አስቁማ ወረደች። ነገ የወንድሟ የዓብዱልፈታሕ ሰርግ ነውና ደስታው እያጣደፋት ወደ ቤት ስትሄድ፣ ጎረቤታቸው ጋሽ ኃይለየሱስ ከአትክልት ማሳቸው በር ላይ ሆነው በሁለት እጃቸው ጠሯት።

«አካም ጅርታ ኢንተላ ኮ! እንዴት ነሽ ልጄ! ነይማ፣ የሰርጉን ሰላጣ እዪልኝ!»

ለሽማግሌው ይህ ተራ ስጦታ አልነበረም። እሳቸው ክርስቲያን፣ የሰቢሪና እናት የጁሀራ ቤት ሙስሊም ነውና በሥጋ አንድ ማዕድ አይቀርቡም። ስለዚህ ከተጎራበቱ ጀምሮ በጁሀራ ቤት ድግስ አትክልቱን የሚያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ከእንግዶቹ ጋር ቀርበው የሚበሉትም እሱኑ ነው። ሰላጣቸው የሌለበት ሰርግ ለእሳቸው ያልተጠሩበት ሰርግ ማለት ነው።

ሰቢሪና የተማረችው ስለ አፈርና ስለ ሰብል ነው። ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ስታይ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ መድኃኒት ረጭተውበታል እንዴ?»

«ታዲያስ! በዚህ ጭጋግ ሻጋታ እንዳይጨርሰው ከትናንት ወዲያ ረጨሁት። አታስቢ፣ መድኃኒቱ ሄዷል።» አንድ ቅጠል ቀንጥሰው አሸተቱ። «ይኸው፣ አይሸትም!»

እዚህ አገር ብዙ ሰው የሻጋታ መድኃኒትን የሚመረምረው በአፍንጫው ነው። ከሸተተው ይጠብቃል፣ ካልሸተተው ነቅሎ ገበያ ያወጣል። አፍንጫ ግን ወጥ ማረሩን ይናገር እንደሆነ እንጂ ይህን የመናገር ችሎታ የለውም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ጠረኑ ጠፋ ማለት መድኃኒቱ ጠፋ ማለት አይደለም።»

«ማታ ዘንቦበታል እኮ! እናትሽም ታጥበዋለች።»

«ዝናብና ውሃ ከላይ ያለውን በመጠኑ ያነሳሉ። ወደ ቅጠሉ ውስጥ የዘለቀውን ግን አያገኙትም። እሱን ቀስ በቀስ የሚያፈርሰው ፀሐይ፣ ሙቀትና ተክሉ ራሱ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። የኛ ባሌ ደግሞ ደመናና ብርድ ስለሆነ፣ ቆላ ላይ ቶሎ የሚያልቀው እዚህ ይዘገያል። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብዎት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል እኮ!»

የጋሽ ኃይለየሱስ ፊት ጠቆረ። «የምበላውን ነው የማበላው። እኔ ምን ሆንኩ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም! አንድ ቀን በልቶ የሚወድቅ ላይኖር ይችላል። ግን በየዕለቱ በትንሽ በትንሹ ወደ ሕፃናትና ወደ እርጉዞች ሆድ የሚገባውን ማን ያውቃል?»

«አፈሩስ? አፈር ሁሉን ይበላል ሲባል ነው የሰማሁት» አሉ፤ እልህ ይዟቸዋል።

ሰቢሪና ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «እውነትዎን ነው! የሚበላው ግን በአፈሩ ውስጥ ያሉት፣ በዓይን የማይታዩት ረቂቅ ነፍሳት ናቸው፤ ትል ባለበት እነሱም አሉ። ይምጡ!»

ፍግ በጠገበው የካሮት መደብ ላይ ዶማ አነሳች። አንዴ ስትቆፍር ትሎች ተርመሰመሱ። ከዚያ ሽማግሌው የመርጫ ፓምፓቸውን ሁልጊዜ ወደሚያጥቡበት ጥግ ወሰደቻቸው። እዚያ ቆፈረች፤ አንድም ትል የለም።

«ሕይወት ያለው አፈር ብዙውን መድኃኒት ይፈጨዋል። እንዲህ ከተደጋገመበት ግን ፈጪዎቹ ራሳቸው ያልቃሉ። መዳብ ያለበት መድኃኒት ከሆነ ደግሞ መዳቡ ጭራሽ አይፈርስም፤ አፈሩ ውስጥ ይከማቻል።»

ጋሽ ኃይለየሱስ ዶማውን ተቀብለው ራሳቸው ቆፈሩ፤ ፈቀቅ ብለውም ደገሙ። ምንም አላገኙም። መሬታቸው ነውና ከልባቸው አዘኑ።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«በሽታው ሳይኖር አይርጩ። ሲረጩም ቀኑን ቆጥረው ይልቀሙ፤ እጣቢውን አንድ ቦታ አይድፉ፤ ፍጉን ያብዙ። ያኔ መድኃኒት የሚገዙበት ገንዘብ ይተርፍዎታል፣ አፈሩ ይበረታል፣ ቅጠሉንም ለማንም ቢያጎርሱ አይሰጉም!»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ካሮቱና ጥቅል ጎመኑ አልተረጩም። ለሰርጉ እነሱን አመጣለሁ። ሰላጣውን ነገ ጠዋት ነጋዴው ዳቢሴ ለገበያ ይጭነዋል።»

ሰቢሪና ዞር ብላ ሰላጣውን አየች። እሳቸውም የተናገሩት ለራሳቸው ጆሮ ከበዳቸው። ስልካቸውን አወጡ።

«ዳቢሴ? ነገ መኪናህን አታምጣ። ... አዎ፣ ሰላጣው ደርሷል፤ መድኃኒቱ ነው ያልለቀቀው። ቀኑ ሲሞላ እደውልልሃለሁ።» ዳቢሴ ከወዲያ ሲጮህ ለሰቢሪናም ተሰማት። «ጩህ እንጂ! ለጁሀራ ልጆች አይሆንም ያልኩትን፣ ለማን ልጆች ልሽጠው?»

ሰቢሪና እልልታዋን ለነገ ማቆየት አቃታት። እዚያው ማሳው መሃል ለቀቀችው።