የደከመ ቀፎ

እትዬ ስህን ውጫሌ መናኸሪያ ቆመው፣ በመቀነታቸው ከክንዳቸው ጋር ያሰሩትን ልጃቸውን ምስጋናውን ያጣድፉታል። «ስንቁን አንሣ፣ ጀሪካኑን ያዝ፣ ሮጥ ብለህ ወንበር ያዝልኝ!»

ምስጋናው ፈዞ ቆመ። ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኛል ካለ ወዲህ ታሟል፤ እሳቸውም የሐኪሙን ክኒን አስጥለው ግሸን ጠበል ሊወስዱት ነው። ሕመሙንስ ችለውታል። አንጀታቸውን የሚያሳርረው ይህ መፍዘዙ ነው።

«እትዬ ስህን! አስረውት ሩጥ ይሉታል?»

የጎረቤታቸው የመምሬ ዝናቡ ልጅ ሰብለወንጌል ናት፤ ደሴ ላይ የአእምሮ ሕመምን በመሣሪያ ታጠናለች።

«እምቢተኛ ነዋ! ያንቺ መሣሪያ ደግሞ ሰው ራስ ላይ መብራት ይለቃል አሉ።»

«ኧረ አይለቅም! ቆብ መሳይ ነገር ደፍተንለት፣ አእምሮው ራሱ የሚያመነጫትን ጥቂት ኤሌክትሪክ እናዳምጣለን እንጂ። ባልዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የንብ ቀፎ ሲፈትሹ እንዴት ነበር?»

እትዬ ስህን ቀና አሉ። «እሱ ምን ያውቃል! እኔ ነኝ ጆሮዬን ለጥፌ የማንኳኳው። እምም ብሎ ቶሎ ከመለሰ ደህና ነው። ድምፁ ከሳሳ ደክሟል።»

«እኛም አንድ ድምፅ ደጋግመን እያሰማን፣ በመሐል ልዩ ድምፅ ጣል እናደርጋለን። ጤነኛ አእምሮ ነቅቶ ይመልሳል፤ እንደ ምስጋናው ከታመሙት በብዙዎቹ ዘንድ ግን መልሱ ይሳሳል። ልብ ማለትና ማስታወስ የት ላይ እንደሚደክም የምንመረምረው በዚህ ነው። ክኒኑ የሚሰማውን ድምፅ ያበርድለታል፤ ይህን ድካም ግን እምብዛም አያቃልልም። መላ የምንፈልገው ለዚህ ነው።»

ራስ ሳይከፈት የውስጡን የሚያደምጥ ዕውቀት! እትዬ ስህን ተገረሙ፤ ግን ቶሎ አይረቱም።

«ታዲያ እምቢተኛ አይደለም?»

«አይደለም። ነገር ሲደራረብበት ይጠፋበታል።»

«ጠበሉስ?»

«አባቴ እንኳ ጠበሉንም ጠጡ፣ ክኒኑንም ዋጡ ነው የሚሉ።»

እትዬ ስህን የታሰረውን ልጃቸውን አዩት። ከዚያ መቀነቱን ፈቱ። «የደከመ ቀፎ በሶ ያበሉታል እንጂ ይረግሙታል? መጀመሪያ ደሴ! ሐኪሙ ክኒኑን ያስጀምረው፣ አንቺም አዳምጪው። ግሸን ማርያም የትም አትሄድብኝ።»

«መሣሪያው እሱ ከፈቀደ ነው።»

ምስጋናው ቆይቶ፣ «ቀፎዬን ትስማው» አለ።

«ልጄ፣ ስንቁን አንሣ» አሉ እትዬ ስህን፤ ጠበቁም። መጠበቅ ከጾም ይከብዳቸዋል። አነሣ። «ጎሽ። አሁን ጀሪካኑን።» ያዘ። «አሁን ወንበር።»

ማሰርና ማጣደፍ ያላስገኙትን፣ አንዲት ቃል በየተራዋ አስገኘች። በሽተኛ ያለበት ቤት ይህን ይያዝ፤ ማሰሩን ትቶ ሐኪም ይጠይቅ።

ከደሴው አውቶቡስ መስኮት ድምፅ መጣ። «እማ፣ ነይ። ይዤልሻለሁ።»