ከቆዳው በታች የተዘፈዘፈው ገብስ

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንንም የምታነቡት በሰው እጅ አስጽፌው ነው፤ ጸሐፊውንም ቃሌን ላሳምር እንዳይል አስጠንቅቄዋለሁ። በኮልፌ ፊደል ያልቆጠረ ሰው አፍንጫም ያለው አይመስላቸውም። ሰንበቴ ላይ ተነሥቼ “ወንዙ ሸተተ” ብል፣ “የት ተጽፎ አየሽ?” አሉኝ። አፍንጫዬ ላይ ነዋ!

“መሸሻ ይጠየቅ” ተባለ። መሸሻ የጣልያን ጋዜጣ የሚያነብ ጎረምሳ ነው። ከእኛ በላይ ወንዙ ውስጥ ቆዳ እያስዘፈዘፈ፣ በኖራ ጠጉሩን እያስላጨ ለጣልያን ጫማ ሰፊዎች ያቀርባል። ውሃውን ያበላሸውን ሰው ስለ ውሃው ጠየቁት! እሱም ከኪሱ ወረቀት አወጣ፣ አየት አደረገና “ውሃው ንጹሕ ነው” አለ። ሽማግሌው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ገሜዳ ብቻ አቀረቀረ። ገሜዳ ከእኔ በታች ማሳውን በዚሁ ወንዝ የሚያጠጣ ገበሬ ነው፤ ዘንድሮ የሽንኩርት መደቡ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ላሙም ወንዙን አሽትታ ሳትጠጣ ትመለሳለች። ላሚቱም እንደ እኔ ማንበብ አትችልምና የጠየቃት የለም።

ጣልያን ከገባ ሁለተኛው ጥር ነበር። በሳምንቱ መሻገሪያው ላይ ከመሸሻ ጋር ተገጣጠምን። ነጭ ሱሪውን ሰብስቦ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል።

“እንደምን አደሩ፣ እማማ ዋጋነሽ?”

“እግዜር ይመስገን። አፍንጫህን ምን ነካው?”

“ጉንፋን ነው።”

“ወንዝ ስትሻገር ብቻ የሚነሣ ጉንፋን?”

ሳቀና ጎንበስ አለ። “ወደ እርስዎ ነበር የምመጣው። ጾም ሳይገባ ሠርጌ ነው። ጠላውን ከእርስዎ በቀር ማንም እንዲጠምቅልኝ አልፈልግም።”

“እጠምቃለሁ። በየትኛው ውሃ?”

“በምንጭ ውሃ ነዋ!” አለ፣ ሳይተነፍስ።

“ወንዙ ከደጄ እያለ? ንጹሕ ነው ብለህ አንብበህልን የለም?”

“ፒያኖ፣ ፒያኖ፣ ቀስ ይበሉ እማማ!”

“በጣልያንኛ አታባብለኝ!”

“ወራጅ ውሃ እኮ ቆሻሻውን ይዞ ይሄዳል። ትምህርት ቤት የተማርነው ነው።”

“ወዴት ይሄዳል?”

“ወደ ታች።”

“ታች ማን አለ?”

“የገሜዳን ሽንኩርት ትል በልቶት ይሆናል። ያለ ማስረጃ እንዴት ይፈረዳል?” አለ።

የተማረ ሰው ሲጨንቀው ማስረጃ ይላል። እኔም ማስረጃ አላጣሁም። ጠላ ያለ ብቅል አይሆንም፤ ብቅል ደግሞ ገብሱ ውሃ ጠጥቶ ካላቆጠቆጠ ብቅል አይባልም። ቤቴ ወስጄ ሁለት እንቅብ ገብስ አቀረብኩለት። “ራስህ ስፈር፤ ውሃውንም ራስህ ቅዳ፤ ኋላ አሮጊቷ አታለለችኝ እንዳትል” አልኩት። አንዱን በምንጭ ውሃ፣ ሌላውን ከቆዳው በታች በተቀዳ የወንዝ ውሃ ዘፈዘፍን። ሲቀዳ አንድ እግሩ ከነጫማው ጭቃው ውስጥ ገባ። አልሳቅሁም። እሱ ከሄደ በኋላ ነው የሳቅሁት።

ውሃውን አጥልዬ ሁለቱንም በኮባ ቅጠል ጠቀለልኳቸው። በአራተኛው ቀን መጣ፤ ራሱ ፈታቸው። የምንጩ ገብስ ነጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ተቆላልፏል። የወንዙ ግን አብጦ፣ ተዝለግልጎ፣ የሞተ አይጥ ይሸታል። መሸሻ መሐረቡን ፈለገ።

“ዛሬም ጉንፋን ነው?”

“እንግዲህ... በምንጭ ውሃ ይጥመቁልኛ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“እኔስ ከምንጭ አስቀዳለሁ። ገሜዳ ማሳውን በእንስራ ያጠጣ? በእንቅብ ያልበቀለ ዘር በመደብ ይበቅላል? ለሠርግህ ወጥ ሽንኩርቱን ከሮማ ልታስመጣ ነው? ጣልያን በጫማው መርገጡ አንሶ፣ የጫማውን እጣቢ አንተ ታጠጣናለህ!”

ደጃፌ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። “ቆዳ ያለ ውሃ አይለፋም፣ እማማ። ምን ላድርግ?”

“ውሃውን ወደ ቆዳው ውሰድ እንጂ ቆዳውን ወደ ውሃው አታምጣ። ከወንዙ ርቀህ ጉድጓድ አስቆፍር፤ እዚያ ይዘፍዘፍ። ኖራውንም ጠጉሩንም እዚያው አፈር አልብሰው።”

“ሥራ ያበዛብኛል።”

“ለገሜዳ ያበዛህበትስ?”

የበሰበሰውን ገብስ በጣቱ ነካ አድርጎ ብዙ አየው። “እውነትዎን ነው” አለ በመጨረሻ። “ነገውኑ አስወጣዋለሁ።”

ወንዙ ከጠራ የማይጠቀም የለም። ገሜዳ ሽንኩርቱን ይነቅላል፣ ላሚቱ ትጠጣለች፣ እኔ ከደጄ እቀዳለሁ፤ ሙሽራውም ሚስቱን ይዞ ያለ መሐረብ ይሻገራል።

“እንግዲያው ይጠምቁልኛል?”

“ገና ነው። እሑድ ሰንበቴ ላይ ያንን ወረቀትህን አውጣ።”

ፊቱ ቀላ። “እማማ፣ እሱ እኮ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ነው!”

“ይሁን። እሱኑ ዘርጋና ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ‘ወንዙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያወቁትም ወይዘሮ ዋጋነሽ ናቸው’ ብለህ አንብብላቸው። ካልተነበበላቸው አያምኑም። ‘ወይዘሮ’ የሚለውን ደግሞ እንዳትዘለው!”