እጅጌው ጫፍ ላይ ያለችው ጥቁር ሰማያዊ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ኮት ከተሰቀለበት ወርዶ የሚገዛ ነገር አልነበረም፤ ተለክቶ፣ ተሰፍቶ፣ ተሞክሮ ነው። አንቺ እሑድ ልጃችንን ታገቢያለሽ፣ እና «እቴቴ፣ የኮቱ እጅጌ ጫፍ ለምን ጠቆረ? ሰው አይስቅብንም? ሌላ ብንከራይለትስ?» አልሽኝ። አልተቆጣሁም። ቁጭ በይና ስሚኝ፤ ከዚያ ይከራይ ካልሽ ይከራያል።

ኮቱ የአባቱ ነው፣ የወንድሜ፣ የጋሼ ግርማ። ነፍሱን ይማረውና አርቦዬ ከተማ አስተማሪ ነበር። ታዲያ ሠርጉ ደረሰ፣ እሱ ግን ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ናቸውና አሰላ መጥቶ መለካት አልቻለም። በሰው ላከብን። ምን አለ መሰለሽ? «አሮጌው ኮቴ ትከሻው ልክ ነው፣ በሱ ይለካ። እጅጌው ግን አጥሮብኛል፤ እሱን እሷ ሄዳ ታስለካ፣ እጃችን አንድ ነው።» እሷ እኔ ነኝ። እይው እስቲ ይኼን እጅ፣ ረጅም አይደለም? የሱም እንዲሁ ነበር።

ታዲያ ሄድኩልሽ፣ ገበያው አጠገብ ጋሽ ቱሉ የሚባል ልብስ ሰፊ ዘንድ። ቤቱ ሙሉ ወንድ። «የወንድ ኮት ልትለኪ? ጢምሽንስ የት ትተሽው መጣሽ?» አለኝ አንዱ። «አንተ የተውክበት» አልኩት፣ እሱም ጢም አልነበረውማ።

ጋሽ ቱሉ ለካ፣ ሰፋ፣ ሊያስሞክረኝ ጠራኝ። ለበስኩና እጄን ወደ ታች ዘርግቼ ቀጥ አልኩ። «እንደሱ አይደለም» አለ፤ «ለቆመ ሰውማ ሁሉም እጅጌ ያምራል። ሙሽራ እጁን የሚያነሳው ሊያጎርስ ነው። በይ አጉርሺኝ» ብሎ አፉን ከፈተ። እና በባዶ እጄ አጎረስኩት፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት። አፉን እንደከፈተ ዓይኑ እጅጌው ላይ ነው። እጅጌው ሽቅብ ሸሸ። ፈታው፣ እንደገና ሰፋ፣ እንደገና አጎረስኩት። «ቶሌ፣ እሺ፣ አሁን ደህና ነው» አለ። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጠም፣ ወደ ውስጥ አጠፈው። «ወንድ ልጅ ከወለደ እጁ ከአባቱ ይረዝም ይሆናል» አለኝ።

የሠርጉ ዕለት ጋሼ ሚስቱን አጎረሰ፣ እጅጌው ንቅንቅ አላለም። ታዲያ ሰው ሲያጨበጭብ እሱ አንገቱን አስግጎ ይፈልገኛል፤ አየኝና እጁን ከፍ አደረገ፣ እጅጌውን ሊያሳየኝ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የገባው ለሁለታችን ብቻ ነው። ዛሬም መንገድ ላይ ሰው እጁን ከፍ ሲያደርግ ዞር እላለሁ፣ እሱ ይመስለኛል።

ሲሞት ኮቱ እኔ ጋ ቀረ። የአሰላን ክረምት ታውቂው የለ፣ ቤት ውስጥ እለብሰዋለሁ። ከእጅጌው የሚወጣው እጅ የኔ ነው፣ ግን ሳየው የሱ ነው።

እና አሁን ልጁ፣ ያንቺው፣ «እቴቴ፣ በአባዬ ኮት ልዳር» አለኝ። አለበስኩትና «አጉርሰኝ» አልኩት። እጅጌው ሸሸ። እንደተባለውም እጁ ከአባቱ ረዝሟል። አንገቱን ደፋብኝ። ታዲያ የታጠፈውን ተረተርኩት፤ ከውስጥ ምን ወጣ? ጥቁር ሰማያዊ፣ ትናንት የተገዛ የሚመስል። ሌላው ደብዝዟል ለካ፣ እኔ ሁልጊዜ ስለማየው አላወቅኩም። ጠቆረች የምትያት እሷ ናት። አልጠቆረችም፣ የወንድሜ የሠርግ ዕለት ቀለም ናት፤ ፀሐይም እኔም አልነካናትም።

በይ አሁን ፍረጂ።

ሙሽሪት እጮኛዋን ከጓሮ ጠራችው፣ ኮቱን አለበሰችውና «አጉርሰኝ» ብላ አፏን ከፈተች፣ በቀኙ ከዚያም በግራው፣ ዓይኗ እጅጌው ላይ።

«እቴቴ» አለች፣ «ቀኙ ደህና ነው። የግራው ግን ትንሽ ያጥራል፤ ለእሑድ ያድርሱልን።»