የጎኗ ብረት

(ጅማ፣ ቦሳ ቂጦ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ። ትርሲትና ከአዲስ አበባ የመጣው ታናሽ ወንድሟ በፈቃዱ ግቢ ውስጥ ፊቱ በሸራ በተሸፈነው የአባታቸው አሮጌ ፔጆ አጠገብ ቆመዋል፤ አባታቸው አቶ ጥላዬ ቤት ውስጥ ተኝተዋል።)

ትርሲት፦ ካቻቪቴውን አስቀምጠው አልኩህ።

በፈቃዱ፦ እትዬ፣ የቀረችው ይህቺ የጎኑ ብረት ብቻ ናት። ፊቱ እያብረቀረቀ ጎኑ እንዲህ ወይቦ ሲታይ አያምርም።

ትርሲት፦ ለማን ነው የሚያምረው?

በፈቃዱ፦ ለሚያየው ሰው። ለአባባም ጭምር። ዕድሜ ልኩን ሲወለውለው የኖረ መኪና አይደለም እንዴ?

ትርሲት፦ ወለወለው እንጂ አልቀየረውም።

በፈቃዱ፦ አዲስ አበባ የድሮ መኪና የሚወዱ ሰዎች አሉ። ፎቶውን ሳሳያቸው ግማሾቹ ሙሉ በሙሉ አድሰው አሉኝ፤ ግማሾቹ ዕድሜው ጌጡ ነው፣ አትንካው አሉኝ።

ትርሲት፦ የማንን ሰማህ ታዲያ?

በፈቃዱ፦ ድምፃቸው የጎላውን። ባለፈው ፓራውልቱንና የፊቱን ፍርግርግ፣ ማስኬሪናውን፣ አዲስ አበባ ወስጄ ኒኬል አስነከርኩ፤ እንደ መስታወት ሆኖ መጣ። አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ እጅህ ይባረክ አላልሽኝም።

ትርሲት፦ ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ሲባል አልሰማህም?

በፈቃዱ፦ ምን አጠፋሁ?

ትርሲት፦ ገጥመኸው ወዲያው ተመለስክ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የት አይተህ።

በፈቃዱ፦ በስልክ ስጠይቅሽ ሰላም ነን ነበር የምትይኝ።

ትርሲት፦ በስልክ ሌላ ምን ይባላል? አንተ በሄድክ ማግስት እንደ ልማዱ ማልዶ ወጣ። መኪናው ፊት ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ኩሽና ድረስ መጥቶ እንግዳው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ይህን የመሰለ መኪና ይዞ የመጣ ሰው ባዶ አፉን አይሸኝም አለኝ። ያንተው ነው ስለው ሳቀብኝ። የእኔው ጥርሱ የወየበ ነው አለ፤ ማስኬሪናውን ማለቱ ነው።

በፈቃዱ፦ ቀልዱ ይሆናላ። አባባን ታውቂው የለ።

ትርሲት፦ እኔም ቀልዱ መስሎኝ ነበር። ውሎ አድሮ መኪናዬን ሰረቁኝ ብሎ ፍለጋ ወጣ። አዌቱ ድልድይ ላይ አገኙት፤ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ፣ አላፊ አግዳሚውን ነጭ ፔጆ አይታችኋል ወይ እያለ ይጠይቃል። ይዘውት የመጡት ጎረቤቶች ናቸው፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሏል ይሄ ነው። ደግሞ ሌላ ቀን ወጣ፤ ያን ቀን የጭነት መኪና ለጥቂት ሳተው። ከዚያ ወዲህ የግቢውን በር ቆልፌያለሁ። የቆለፍኩት ለእሱ ብዬ ነው፤ እኔም ግን ውስጥ ነኝ።

በፈቃዱ፦ የስፌት ሱቅሽስ?

ትርሲት፦ ተዘጋ። ደንበኞቼ ጨርቃቸውን ከዚሁ ከደጅ ተቀብለውኝ ሄዱ።

በፈቃዱ፦ ምነው ሳትነግሪኝ?

ትርሲት፦ ብነግርህስ? ኒኬሉን በምላስህ ልሰህ ልታወርደው ነው?

በፈቃዱ፦ እሺ፣ ጥፋት ነው። ይህቺኛዋ የጎኑ ግን ምን ታደርግለታለች?

ትርሲት፦ ፊቱ ላይ ያለው ሸራ ለዝናብ መስሎሃል? እንዳያየው ነው የሸፈንኩት። ከኋላ በኩል አመጣዋለሁ። ጣቱን በዚህች ብረት ላይ እየጎተተ ቀስ እያለ ይመጣል። እዚህ፣ የሹፌሩ በር ጋ፣ የተጣመመችው ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አጋሮ መንገድ ላይ በሬ ዘሎ የገባበት ጊዜ የተጣመመች ናት። እሷን ሲያገኝ በሩን ከፍቶ ይገባና መሪውን ይዞ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ብቻ ይረጋጋል። ያን ጊዜ ብቻ ነው እኔም ፊቴን የምታጠበው።

በፈቃዱ፦ ገባኝ። ግን አንቺም ስሚኝ፣ እትዬ። ላይዋን አይተሽ ነው፤ ውስጡን ለቄስ። ከጀርባዋ ውሃ ተኝቷል፤ የጅማን ዝናብ ደግሞ አልነግርሽም። ካልተነቀለች በሩን ትበላዋለች። እስቲ ጣትሽን እዚህ አስገቢ።

ትርሲት፦ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።

በፈቃዱ፦ አየሽ? በሩ ከተበላ እሷም የምትያዝበት የላትም።

ትርሲት፦ ብትነቅላት አባባ ወጥቶ ይጠፋል። ብትተዋት ራሷ ትወድቃለች፤ ያኔም ወጥቶ ይጠፋል። እኔስ በየት በኩል ልውጣ?

በፈቃዱ፦ አዲስ አበባ አልወስዳትም። እዚሁ፣ እሱ ሲተኛ እነቅላታለሁ። የበሩን ዝገት ፍቄ ቀለም አስነካዋለሁ፤ የእሷን ጀርባዋን ብቻ አጸዳለሁ። ፊቷን አልነካም። ጠማማዋንም አላቃናም።

ትርሲት፦ ሲነቃስ?

በፈቃዱ፦ ሲነቃ መልሼ እገጥማታለሁ። በነጋታው እንደገና። የፈጀውን ያህል ይፍጅ።

ትርሲት፦ ሥራህስ?

በፈቃዱ፦ ይጠብቀኛል፤ ባይጠብቀኝም ይቅር። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስገባ አባባ እጄን ይዞ መጣህ እንዴ አለኝ። አውቆኛል ማለት ነው?

ትርሲት፦ መኪናውን የወሰደበት ሰውዬ መስለኸው ነው። ሊመልስልኝ መጣ ብሎ ነው ደስ ያለው።

በፈቃዱ፦ አንቺንስ ማን ይልሻል?

ትርሲት፦ ዘበኛዋ ይለኛል። ሲመሽ ይለምነኛል፤ አንቺ ሴት፣ እባክሽ በሩን ክፈችልኝ፤ ትርሲት የምትባል ልጅ አለችኝ፣ ስታጣኝ ትጨነቃለች ይለኛል።

በፈቃዱ፦ ምን ትይዋለሽ?

ትርሲት፦ ነገ ትሄዳለህ እለዋለሁ።

በፈቃዱ፦ ልብስሽን ሸክፊ፣ እትዬ። እስክትመለሺ ዘበኛው እኔ ነኝ።

ትርሲት፦ እውነቱን ልንገርህ። ከዚህ በር አንዴ ከወጣሁ የምመለስ አይመስለኝም። ይህን ሰምተህም ቁልፉን ትቀበለኛለህ?

በፈቃዱ፦ አምጪው።