ትልቁ ገጽና የሕሊና መመረቂያ ጽሑፍ

(ጠዋት፣ አዲስ አበባ፣ የአንድ ዳታ ማዕከል ቢሮ። ወጣቷ ፕሮግራመር ሕሊና የጻፈችው ኮድ ሥራ ላይ እንዲውል የአለቃዋን የጋሽ ደግፌን ፈቃድ ስትጠብቅ አጠገባቸው ቆማለች።)

ሕሊና፦ ጋሽ ደግፌ፣ «ጸድቋል» የምትለዋን ቁልፍ ብቻ ይጫኑልኝ። ሦስት ሳምንት ለመንኩዎት እኮ።

ጋሽ ደግፌ፦ ስትለምኚ ነው የከረምሽው ወይስ ስትሞክሪ?

ሕሊና፦ ሁለቱንም። ይኸው በዚህ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ያደሩት እንግዳ ማሽኖች፣ እነዚህ በሶፍትዌር የተፈጠሩት ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ ገና ያልተሰጣቸውን ሜሞሪ በነኩ ቁጥር፣ ሥራው ቆሞ አንዲት ቁራሽ ሜሞሪ፣ አንዲት ትንሽ ገጽ ብቻ ይሰጣቸዋል። እንደገና ይነካሉ፣ እንደገና ይቆማል። ይሄ ማስተናገድ ነው?

ጋሽ ደግፌ፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሕሊና፦ የኛ እንቁላል ስድስት ዓመቱ ነው ጋሼ፣ ገና አልተፈለፈለም። የኔ ኮድ ግን አንዴ ሲነኩ የአምስት መቶ አሥራ ሁለት ትንንሽ ገጾችን ቦታ አንድ ትልቅ ገጽ አድርጎ ያስረክባል።

ጋሽ ደግፌ፦ ያን ያህል ሰፊ ቦታ ቢጠፋስ?

ሕሊና፦ ወደ ትንሿ ይመለሳል። አስቤበታለሁ።

ጋሽ ደግፌ፦ ጎሽ። የአንዱ ማሽን ሁለት ፕሮሰሰሮች ያንኑ ቦታ በአንዴ ቢነኩስ?

ሕሊና፦ የቀደመው ይወስዳላ።

ጋሽ ደግፌ፦ የኋለኛውስ? ቦታው መያዙን ዳግም ያያል ወይስ ባዶ ገጽ አምጥቶ የቀደመው የጻፈውን ያጠፋል?

ሕሊና፦ እሱ እኮ በሺህ ዓመት አንዴ ቢደርስ ነው።

ጋሽ ደግፌ፦ እሺ፣ አመንኩሽ። ልጫነው ነው። ደንባችንን ግን ታውቂያለሽ፣ ወጡን የሠራ ይቀምሳል። መጀመሪያ እዚሁ ያደረው ያንቺ እንግዳ ማሽን ላይ ነው የሚሞከረው።

ሕሊና፦ ምን ችግር አለው፣ ይሁን።

ጋሽ ደግፌ፦ ሐሙስ የምታቀርቢው የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያው አይደል ያለው?

ሕሊና፦ እዚያው ነው። እንግዲያው አንዴ ኮፒ አድርጌው ልምጣ።

ጋሽ ደግፌ፦ ሌላ ኮፒ የለሽም?

ሕሊና፦ የለኝም።

ጋሽ ደግፌ፦ አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። አንቺ ግን ምን ያሳስብሻል፣ በሺህ ዓመት አንዴ ነው አላልሽም? ይኸው ጣቴ ቁልፏ ላይ ነው።

ሕሊና፦ ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ።

ጋሽ ደግፌ፦ ሦስት ሳምንት የለመነን ሰው ደግሞ ማስጠበቅ ነውር ነው። አንድ፣ ሁለት...

ሕሊና፦ በእናትዎ ጣትዎን ያንሱ። ኮዴ ቦታው መያዙን ዳግም አያይም። ያን የምታይ መስመር ጽፌ ልምጣ።