ራሱን የማያመው ሰው

ከሳቢያን ወደ ከዚራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ትልቅ የሐኪም ቤት ፖስታ ጭኗ ላይ ይዛለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ አያውቋትም፤ ግን ጠየቋት።

«ልጄ፣ ምን አገኙብሽ?»

«ምንም አባባ፣ አልሐምዱሊላህ። የኤም አር አይ ምርመራው ዕጢ የለም አለ፤ ራሴን የሚያመኝ ማይግሬን ነው።»

«እሰይ!»

«እኔም እሰይ አልኩ፤ ወዲያው ግን ባሌን ፈራሁ። ምስሉ ላይ ምንም ከሌለ ‹ድሮም ሥራ ስትጠዪ ነው የሚያምሽ› ሊለኝ ነዋ።»

«አለሽ?»

«ሐኪሙ ቀደመው። ‹ማይግሬን በተለመደው ምስል አይታይም፤ የምናጠናውም እሱን ነው። ለማነጻጸሪያ ራሱን የማያመው ሰው አምጪልን› አለኝ።»

«ባልሽን ወሰድሽዋ!»

«ታዲያ ማንን? ‹እኔን ራሴን አሞኝ አያውቅም› እያለ ሲፎክር የኖረው እሱ!»

«ማሽኑ ውስጥ ገባ?»

«ገባ። ማሽኑ ደግሞ ሲሠራ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ነው የሚመስለው። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ቤት ስንገባ ‹መስኮቱን ዝጊ! ልጆቹን ዝም አሰኚ! ቴሌቪዥኑን አጥፊ!›»

«አቦ! ሥራ ጠልቶ ነዋ!»

«ብዬዋለሁ ወላሂ!»

ሁለቱም ሳቁ።

«ሲሻለው ግን ‹እስከዛሬ እንዲህ ነበር የሚያምሽ?› አለኝ። ትናንት ሲያመኝ፣ ሳልነግረው ተነስቶ መስኮቱን ዘጋልኝ።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ መጮኼን ትቼ የረዳቱን ትከሻ በጣቴ ነካ አደረግኩት።